ከጥምቀት ማግሥት የጠፋው ሽያጭ፦ የአንድ ጎንደር ፋርማሲ ሰርቨር ጉዳይ

አርብ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጠራ። የደወለችው ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የግል ፋርማሲ ካሸር ናት።

«ጋሼ፣ ሰርቨሩ ሽያጭ እየበላ ነው» አለችኝ።

«እንዴት አድርጎ ይበላል እህቴ?»

«እንመዘግባለን፣ ይቀበለናል። ደረሰኝ እንቆርጣለን። ከዚያ ‹የዛሬ ሽያጭ› የሚለውን ስንከፍት ባዶ ነው። ይኸው ከማክሰኞ ጀምሮ።»

ከማክሰኞ ጀምሮ ማለቷ አስደነገጠኝ። የሦስት ቀን ሽያጭ ጠፋ ማለት ገንዘቡ ብቻ አይደለም። የትኛው መድኃኒት ወጣ፣ ስንት ቀረ የሚለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። «በቃ ምንም አትንኩ፣ እንዳታጠፉትም» ብዬ ከማራኪ ባጃጅ ያዝኩ።

ዕቃው ምን እንደሆነ ላስረዳ። ሰርቨር የምንለው ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ባንኮኒው ጀርባ፣ ከካርቶኖች ጎን፣ ዩፒኤስ ላይ ተሰክቶ ይኖራል። ኡቡንቱ ሰርቨር 22.04 የሚባል የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አለበት። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው። በላዩ ላይ በብራውዘር የሚከፈት የሽያጭና የስቶክ ፕሮግራም ይሠራል። ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ኮምፒውተሮች ሊኑክስ ሚንት ናቸው። ሁሉንም የጫንኩት እኔ ነኝ፣ በ2015 ዓ.ም.። የደረሰኝ ማሽኑ ግን ለብቻው ነው፤ ከሰርቨሩ ጋር አይገናኝም፣ የራሱ ሰዓት አለው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዲስኩን ነው። መብራት በሚመላለስበት ከተማ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲሰማ ሐሳብ ወዲያው ወደ ዲስክ ይሄዳል። ሰርቨሩ ለመጨረሻ ጊዜ ሲነሳ የመዘገበውን ሳይ ደግሞ ጥርጣሬዬ ባሰ። የፋይል ሲስተም ምርመራው አንድ ነገር አግኝቶ አስተካክሏል። «ሱፐርብሎኩ ለመጨረሻ ጊዜ የተጻፈበት ጊዜ ወደፊት ነው፤ ተስተካክሏል» ይላል፤ ሱፐርብሎክ የፋይል ሲስተሙ ስለ ራሱ ዋና መረጃ የሚይዝበት ቦታ ነው። እኔ «ተስተካክሏል» የሚለውን ብቻ አየሁ። ተስተካክሏል ካለ ተበላሽቶ ነበር አልኩ በልቤ። «ወደፊት ነው» የሚለውን ዘለልኩት። መልሱ እዚያው ቃል ላይ ቁጭ ብሎ እኔ ለአርባ ደቂቃ ያህል ሌላ ቦታ ስፈልግ ቆየሁ።

የዲስኩን ጤና ዲስኩ ስለ ራሱ በሚይዘው መዝገብ (ስማርት) አየሁ፤ ደህና ነው። የዲስክ ቦታ አላለቀም። የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) መልእክቶች ውስጥ የማንበብም የመጻፍም ስህተት የለም። የፖስትግሬስ ሎግም ንጹሕ ነው።

ያን ጊዜ ቀላሉን ነገር አደረግሁ። ካሸሯን «አንድ ሽያጭ መዝግቢልኝ» አልኳት። ከመመዝገቧ በፊት የሽያጭ ሰንጠረዡን ረድፎች ቆጠርኩ። መዘገበች። እንደገና ቆጠርኩ። አንድ ጨምሯል።

የተበላ ነገር የለም ማለት ነው። ሽያጩ ገብቷል፣ ግን አይታይም። የመጨረሻውን ረድፍ በመለያ ቁጥሩ ጠርቼ አወጣሁት። መድኃኒቱ ትክክል፣ ዋጋው ትክክል፣ የካሸሯ ስም ትክክል። የተሸጠበት ጊዜ ግን ኤፕሪል 2022 ይላል።

«የዛሬ ሽያጭ» የሚለው ገጽ ዛሬን የሚያውቀው ከፊት ካለው ኮምፒውተር ነው። እሱ ጃንዋሪ 24 ቀን 2025 መሆኑን ያውቃል። ሰርቨሩ ግን የሦስት ቀኑን ሽያጭ በሙሉ ወደ ሦስት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ወስዶ አስቀምጦታል። ስለዚህ ገጹ ባዶ ሆነ።

ኤፕሪል 2022 ከየት መጣ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሰዓቱን አስተካክሎ ይወጣል። እኔ ግን ቀኑ አላስቀምጥ አለኝ። የማዘርቦርድ ባትሪ ሲሞት ሰዓቱ አብዛኛውን ጊዜ ማዘርቦርዱ ወደ ተሠራበት ዘመን ይመለሳል። ይህ ኮምፒውተር ከ2022 በጣም ያረጀ ነው። ሰው አስገብቶት ከሆነስ? ማን ኤፕሪል 2022ን ያስገባል?

ሊኑክስ ሲነሳ ሰዓቱን አንዴ ከማዘርቦርዱ ላይ ካለው ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ በኋላ በራሱ ይቆጥራል። ስለዚህ የመጀመሪያዋን መስመር ፈለግሁ። ከርነሉ «የሲስተሙን ሰዓት ወደ 2017-05-14፣ 04:31 እያስተካከልኩ ነው» ብሎ ጽፏል። ትንሽ ወረድ ብሎ ሲስተምዲ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሌሎቹን አገልግሎቶች የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሌላ መስመር ጽፏል፤ የሲስተሙ ሰዓት እኔ ከተዘጋጀሁበት ጊዜ ይቀድማል፣ ወደ ፊት እየገፋሁት ነው የሚል።

ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ሲነበቡ ነገሩ ግልጥ አለልኝ። ሲስተምዲ የራሱ የልደት ቀን አለው። ኮምፒውተሩ ከዚያ ቀን በፊት ነኝ ካለ ውሸት መሆኑን ያውቃል። ትክክለኛውን ጊዜ ግን አያውቅም፤ ስለዚህ የሚችለውን ያህል፣ እስከ ልደቱ ቀን ድረስ ብቻ ይገፋዋል። ኡቡንቱ 22.04 የወጣው ኤፕሪል 2022 ላይ ነው። ሰርቨሩን ከጫንኩት በኋላ ሲስተምዲ አልተሻሻለም። ማንም ያላስገባው ቀን የመጣው ከዚህ ነው።

የቀረችው 2017-05-14 ናት። ቁጥሮቹን ዝም ብዬ አየኋቸው። 2017፣ 5፣ 14።

«ረቡዕ ዕለት ሰርቨሩን አጥፍታችሁ አብርታችሁ ነበር?» አልኩ።

«አዎ፣ ሽያጩ ሲጠፋ እንደገና ቢነሳ ይሻለዋል ብለን።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«አራት ሰዓት ተኩል ገደማ።»

ረቡዕ ጥር 14 ነበር። ጥር ደግሞ አምስተኛ ወራችን ነው። 14 ቀን፣ 5ኛ ወር፣ 2017፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል። ኮምፒውተሩ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነበር የሚቆጥረው።

ማክሰኞ ጠዋት የሆነው

ከዚያ ታሪኩ ራሱ ተተረተረ። ጎንደር ለጥምቀት እንዴት እንደምትሆን የሚያውቅ ያውቃል። ከከተራ ጀምሮ ከተማው በሙሉ ወደ ፋሲል መዋኛ ይተማል። ፋርማሲውም ከቅዳሜ ጥር 10 እስከ ሰኞ ጥር 12 ተዘጋ። የፋርማሲው ባለቤት ትልቅ ሰው ናቸው። ቤት ሲዘጋ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ ከሶኬት ይነቀል ባይ ናቸው። ትክክልም ናቸው፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ስንት ዕቃ አቃጥሏል። ሰርቨሩም ዩፒኤሱም ተነቀሉ።

ያ ማዘርቦርድ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ግን ከሞተች ቆይታለች። ማንም ያላወቀው ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ሶኬት ላይ ስለነበረ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ትንሽ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ የማዘርቦርዱ ሰዓት በዚያ ይቆጥራል። ሦስት ቀን ሙሉ ሲነቀል ግን ሰዓቱ ጠፋ።

ማክሰኞ ጠዋት ሲያበሩት ኮምፒውተሩ ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ ቀንና ሰዓት እንዲሞሉለት ጠየቀ። ካሸሯ ሞላች። «ወር» ሲላት 5፣ «ቀን» ሲላት 13፣ «ዓመት» ሲላት 2017። ሰዓቱንም ግድግዳ ላይ ያለውን አይታ ሦስት ሰዓት ከምናምን አለችው። እኔ እዚህ ላይ አንዲት ጥፋት አላይባትም። ቀን ስንት ነው ተባለች፣ ቀኑን ተናገረች። የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የጠየቃት የለም። ጥፋቱ እኔ ዘንድ ነው፤ ሰርቨር ተክዬ ስሄድ ያ ሰማያዊ ገጽ አንድ ቀን እንደሚመጣባቸው አልነገርኳቸውም።

ሁለተኛም ጥፋት አለብኝ። ስጭነው ክሮኒ የሚባለውን የሰዓት ማስተካከያ ፕሮግራም አስገብቼ ነበር። ኢንተርኔት ካለ በጣም ጥሩ ነው። ኡቡንቱ ላይ ግን ክሮኒ ሲገባ ከሲስተምዲ ጋር የሚመጣው የሰዓት አገልግሎት ይወጣል። ያኛው የመጨረሻውን የሚያውቀውን ጊዜ ፋይል ላይ እያስቀመጠ ይሄዳል፤ ሲነሳ ሰዓቱ ከዚያ ወደ ኋላ ከሆነ ወደ ተቀመጠው ያመጣዋል። እሱን ባልነካው ኖሮ ሰርቨሩ ማክሰኞ ዕለት እስከ ኤፕሪል 2022 ድረስ ወደ ኋላ ባልሄደ ነበር። ከዓመት በኋላ ደግሞ ባለቤቷ የቢሮውን መስመር አስቀርተው ለአንዱ ሚንት ኮምፒውተር ብቻ ሞደም ገዙ። ክሮኒ ከዚያ ወዲህ የሚጠይቀው ሰው አጥቷል። የምንጮቹን ዝርዝር ሳይ ሁሉም ፊታቸው ላይ የጥያቄ ምልክት አለ፣ የደረሰ መልስ ዜሮ።

ከሽያጩ የከፋው

ፋርማሲስቷ ይሄን ሁሉ ቆማ ስትሰማ ቆይታ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «እንግዲያ ጊዜ ያለፈበትን መድኃኒት የሚያግደውስ?»

ዝም አልኩ። ፕሮግራሙ ማብቂያ ቀኑ ያለፈ መድኃኒት እንዳይሸጥ ያግዳል። የሚያመሳክረው ከሰርቨሩ ሰዓት ጋር ነው። ሰርቨሩ ደግሞ 2022 ላይ ነው። ለእሱ በመደርደሪያው ላይ ጊዜው ያለፈ ነገር አንድም የለም። ጊዜ ያለፈባቸውን የሚያሳየው ቀዩ ዝርዝር ሦስት ቀን ሙሉ ባዶ ነበር፤ እነሱ ደግሞ ባዶ መሆኑን በጎ ምልክት አድርገው አይተውታል።

ሽያጩን አቆምን። ሌላው ሥራ ሁሉ ቀርቶ ፋርማሲስቷ ከሦስት ቀን ወዲህ የወጣውን እያንዳንዱን መድኃኒት ከገቢ ሰነዱ ጋር አመሳከረች። የተሸጠ አልተገኘም። መደርደሪያው ላይ ግን፣ ከአዲሶቹ ጀርባ፣ የሕጻናት ሽሮፕ አንድ ጠርሙስ ነበረች። ገልብጣ አሳየችኝ፤ 12/2024 ይላል። ወር ብቻ ሲጻፍ እስከ ወሩ መጨረሻ ይሠራል፤ ስለዚህ ካበቃች ሦስት ሳምንት አልፏታል። ያን ቀን ከሰዓት አንዲት እናት ልጇን ይዛ ብትመጣ የሚያግድ ነገር አልነበረም። ስለ ሰዓት የማስበው ከዚያ ጠርሙስ በኋላ በሌላ ዓይን ነው።

ባካፑም ቆሟል። በየሌሊቱ ዳታቤዙ በአንድ ፋይል ስም ይወጣል፤ ከዚያ አርሲንክ የሚባለው ፋይል መቅጃ ወደ ሌላው ኮምፒውተር ይቀዳዋል። ትእዛዙ ላይ «መድረሻው ላይ አዲስ ካለ አትንካ» የሚል ምርጫ ጨምሬ ነበር። የ2022 ቀን ያለው የዛሬ ፋይል መጣ፣ መድረሻው ላይ የ2025 ፋይል አለ። አርሲንክ አዲሱን አሮጌ ነው ብሎ ዘለለው። ስህተት አልጻፈም፤ በእሱ ቤት የታዘዘውን ፈጽሟል።

ጥገናው

ቸኩሎ ሰዓቱን ማስተካከል እዚህ ላይ ትልቅ ስህተት ነው። የተዛባው ልክ ስንት እንደሆነ የሚያውቀው የተዛባው ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ስልኬን ከስክሪኑ አጠገብ አድርጌ ሁለቱንም ሰዓት አንድ ላይ ፎቶ አነሳሁ። ቀጥሎ የዳታቤዙን ሙሉ ቅጂ አውጥቼ ፍላሽ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ አጠፋሁት።

ባትሪዋ ሲአር 2032 ናት፣ 3 ቮልት። አውጥቼ ስለካት አንድ ቮልት እንኳ አልሞላችም። አዲሷን አራዳ ሰዓት ከሚጠግን ሰው ዘንድ ገዛሁ፤ እዚያው በቴስተሩ ለክቶ ሰጠኝ። ካሸሯን አጠገቤ ጠርቼ ሰማያዊውን ገጽ አብረን ሞላን። ወር 1፣ ቀን 24፣ ዓመት 2025። ሰዓቱ ላይ ግን ቆም አልን። ሊኑክስ ማዘርቦርዱ ላይ የሚጠብቀው የዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ከእሱ 3 ሰዓት ይቀድማል። እኛ ደግሞ ከጠዋት ስለምንቆጥር ከፈረንጁ አጠራር 6 ሰዓት እንለያለን። ስድስት ደምሮ ሦስት መቀነስ ነው፤ በአጭሩ ቀን ላይ ከሆነ በእኛ ሰዓት ላይ ሦስት መደመር። ስድስት ሰዓት ከአርባ ነበርና 09:40 አልነው።

እግረ መንገዴን ልናገር፤ እኔ ከዚህ ወዲህ የተዛባ ሰዓት ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማየው ልዩነቱን ነው። 3 ሰዓት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሰዓት ክልል ነገር ነው፤ ዊንዶውስ ማዘርቦርዱ ላይ የአገሩን ሰዓት ስለሚያስቀምጥ ሁለቱ ባሉበት ኮምፒውተር ላይ በብዛት ይታያል። 6 ሰዓት ከሆነ ሰው የአገሩን ሰዓት በሚጠብቅ ኮምፒውተር ላይ የእኛን አቆጣጠር አስገብቷል፤ የዓለም አቀፉን በሚጠብቅ ላይ ግን ያው ስህተት ቀን ላይ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይሆናል። 7 ወይም 8 ዓመት ከሆነ የዘመን አቆጣጠር ነው። ማንም የማያውቀው እንግዳ ቀን ከሆነ የሲስተምዲን ልደት ፈልጉ።

ከባዱ ሥራ የሦስቱን ቀን ሽያጭ ወደ ቦታው መመለስ ነበር። ሁሉንም በአንድ ቁጥር መግፋት አይቻልም። ሰርቨሩ ሁለቴ ነው የተነሳው፤ ማክሰኞና ረቡዕ። ሁለቱንም ጊዜ የጀመረው ከዚያው ከኤፕሪል ቀን ነው። ስለዚህ የማክሰኞ ሽያጭና ረቡዕ እንደገና ከተነሳ በኋላ ያለው ሽያጭ አንድ ዓይነት ቀንና ሰዓት ላይ ተደራርበዋል። በጊዜ ብትደረድራቸው እንደ ሽሮና በርበሬ ይደባለቃሉ።

የሚለያቸው የመለያ ቁጥሩ ነው። እሱ ሰዓት አያውቅም፣ ዝም ብሎ ይጨምራል። በመለያ ቁጥር ደርድሬ ወደ ታች ስወርድ አንድ ቦታ ላይ ጊዜው ድንገት ወደ ኋላ ይዘላል። እዚያ ላይ ነው ሰርቨሩ እንደገና የተነሳው። ከዚያ በላይ ያሉት የመጀመሪያው ቡድን፣ ከዚያ በታች ያሉት የሁለተኛው። ለሁለተኛው ቡድን ልዩነቱ ፎቶው ላይ አለ። ለመጀመሪያው ቡድን የደረሰኝ ማሽኑ ደረሰልኝ። ካሸሯ የደረሰኝ ቁጥሩን ከሽያጩ ጋር ስለምትመዘግብ የማክሰኞን የመጀመሪያ ደረሰኝ ቅጂ አውጥተን ሰዓቱን ወሰድን።

ለውጡን ትራንዛክሽን ከፍቼ፣ ማለትም እስካጸድቀው ድረስ ሊሰረዝ በሚችል መልኩ፣ አደረግሁት። የየቀኑን ድምር ከደረሰኝ ማሽኑ ዜድ ሪፖርት (ማሽኑ ራሱ ከሚያወጣው የቀኑ ሽያጭ ድምር) ጋር አመሳከርን። ማክሰኞ አልገጠመም። አራት ሽያጭ ጎደለ፣ ረቡዕ ላይ ደግሞ አራት ተረፈ። የጎደሉትን ሳይ ሁሉም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የተሸጡ ናቸው። ወዲያው ገባኝ። ስልኬና የደረሰኝ ማሽኑ የኢትዮጵያን ሰዓት ነው የሚያሳዩት፤ የሰርቨሩ ስክሪን የዓለም አቀፉን። እኔ እንዳለ ቀናንሼ 3 ሰዓት አትርፌ ገፍቻቸዋለሁ፤ የምሽቶቹ እኩለ ሌሊትን አልፈው ወደ ማግሥቱ ገቡ። ለውጡን ሰረዝኩ፣ 3 ሰዓቱን ቀነስኩ፣ ደገምኩ። ሦስቱም ቀን ከዜድ ሪፖርቱ ጋር ሳንቲም ሳይጎድል ገጠመ። ያን ጊዜ አጸደቅሁት።

«የዛሬ ሽያጭ» ተከፈተ፣ ሞላ። ቀዩ ዝርዝርም ተመለሰ። ጠርሙሷ አንደኛ ላይ ነበረች።

እንዳይደገም ያደረግሁት

ሞደም ያለው ሚንት ኮምፒውተር ላይ ክሮኒ ጭኜ ለውስጥ ኔትወርኩ ሰዓት እንዲሰጥ ፈቀድኩለት፤ ፋየርዎሉ ላይም የሰዓት ጥያቄ የሚያልፍበትን በር፣ ዩዲፒ 123ን፣ ከፈትኩ። ሰርቨሩ አሁን ከእሱ ይጠይቃል። የእሱንም ባትሪ ቀየርኩ፤ ሰዓት የሚሰጠው ራሱ ከተሳሳተ ሰርቨሩንም ይዞት ይሄዳልና። የባካፕ ፋይሎቹ በየቀኑ የተለየ ስም ይዘው ይወጣሉ፣ ያ «አትንካ» የሚለውም ምርጫ ተነስቷል።

በጣም የምተማመነው ግን በአንዲት አጭር ስክሪፕት ነው። ፕሮግራሙ ከመነሳቱ በፊት ዳታቤዙን «የመጨረሻው ሽያጭ መቼ ነበር?» ብላ ትጠይቃለች። የአሁኑ ሰዓት ከዚያ ወደ ኋላ ከሆነ ፕሮግራሙ አይነሳም። በአማርኛ «የሰርቨሩ ሰዓት ተሳስቷል፤ አትሽጡ፤ ደውሉ» የሚል ገጽ ብቻ ይወጣል። ፋርማሲስቷ «አትሽጡ» የሚለው በትልቁ ይጻፍ አለች፤ ጻፍኩት።

ሰርቨሩ ላይ ደግሞ ካሸሯ በራሷ እጅ ወረቀት ለጠፈች። «ቀን ከጠየቀ በፈረንጅ ነው። ሰዓት ከጠየቀ በእኛ ላይ ሦስት ደምሪ፣ ቀን ላይ ከሆነ።»

ሚያዝያ ላይ ለፋሲካ ሲዘጉ ባለቤቷ እንደ ልማዳቸው ሁሉንም ከሶኬት አስነቀሉ። ሲከፍቱ እኔም ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ካሸሯ አበራችው። ሰማያዊው ገጽ አልመጣም። የከርነሉን የመጀመሪያ መስመር አወጣሁና «ቀኑን አንብቢልኝ» አልኳት። አነበበችው፤ ከስልኬ ጋር አንድ ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን ሽያጭ መዘገበች።